ጉድጓድ ቁጥር አራት እና የእንግዳ ውሃ

ለተከበሩ የድንጋይ ከሰል ማውጫው የከርሰ ምድር ውሃ ጥራት ክትትል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ የቢሮዎ የመጠጥ ውሃ ታሽጎ ከሩቅ የሚመጣ በመሆኑ ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። እኔ ከጉኑኖ አለፍ ብሎ፣ ከማውጫዎ ቁልቁል የምኖር ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስሆን፣ የጓሮዬን ጉድጓድ ቁጥር አራት ብላችሁ ስለመዘገባችሁልኝ ከነቤተሰቤ አመሰግናለሁ። አባቴ ሲቆፍረው ቁጥር አልነበረውም፤ ውሃ ብቻ ነበረው።

የክቡርነትዎን ጊዜ ላለመሻማት ጉዳዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ወር የውሃ ባለሙያዎን አቶ ይልቃልን ስለላኩልን እናመሰግናለን። ለክትትል የተቆፈረው የማውጫው ጉድጓድ ክዳኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ሶዶ ሥልጠና ላይ ባሉ ሰው ኪስ ውስጥ ስለነበረ፣ ወደ እኛ ግቢ ጎራ ብለው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከዚያም ለባለቤቴ ለብሩክታይት ባዶ ጠርሙስ አቀብለው ውሃ እንድትሞላላቸው ጠየቋት።

፪. በእኛ ዘንድ እንግዳ ባዶ ጠርሙስ ካቀበለ ለመንገዱ ውሃ ፈልጎ ነው። ለእንግዳ ደግሞ የጓሯችንን ውሃ መስጠት ነውር ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ማውጫው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዝገት የመሰለ ነገር ሰፍፎበት፣ የተበላሸ እንቁላል እየሸተተ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ብሩክታይት ጓዳ ገብታ፣ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ከላይኛው ምንጭ በጀርባዋ ያመጣችውን፣ ለእንግዳ ብላ ያስቀመጠችውን ውሃ ሞልታ ሰጠቻቸው። አቶ ይልቃልም የቀረበላቸውን የሙቹዋ ምግብ በልተው፣ መርቀው፣ ጠርሙሱ ላይ «ጉድጓድ ቁጥር አራት» የሚል ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። እሷ ሌላ ሰው እንዳይጠጣባቸው ስማቸውን የጻፉ መስሏት ነበር።

፫. ውጤቱ ደርሶናል። «ለመጠጥ እጅግ ተስማሚ» ይላል፤ ማኅተሙም ያምራል። ምንጩ በመመስገኑ ደስ ብሎናል፣ ይገባዋልም። ነገር ግን ጉድጓዳችን እስኪጣራ ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ ያመጣልን የነበረው ቦቴ፣ በዚሁ ወረቀት ምክንያት ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ቀርቷል።

፬. ስህተቱን ለማስረዳት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎም ማኅተም ያረፈበት ውጤት በቃል እንደማይሻር፣ ቀጣዩ ናሙና የሚወሰደውም ከስድስት ወር በኋላ እንደሆነ በትህትና ነገሩኝ። ጥፋቱ የእኛም መሆኑን አልክድም፤ ይሉኝታ በልቶናል። ብቻ ጉድጓድ ሊመረምር የመጣ ሰው ጉድጓዱን ብቅ ብሎ ቢያየው ማለት ድፍረት እንዳይሆንብኝ።

፭. የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ነጭ ልብሳቸውን በዚሁ ተስማሚ ውሃ አጥበው ለጉባኤ ወጡ። ከአረካ የመጡት እንግዶች አዲሱን ቢጫ የደንብ ልብስ በጣም አደነቁ። እኛም ማስተባበል ከብዶን አመሰገንን።

ቀልዱን ልተወውና፣ ልጄ ቤቴል የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋ ቤታችን ናት። በዚህ ውሃ ባጠብነው ቁጥር ገላው ሽፍ ይላል። ቦቴው ከቀረ ወዲህ ብሩክታይት ያበጠ ጉልበቷን እየጎተተች በየቀኑ ምንጭ ትወጣለች። እሷ እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እፈራለሁ፣ እናደድማለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም የሥራ ዘመን፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለባለሙያዎችዎም የማይጠፋ ቁልፍ እየተመኘሁ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

አንጁሎ ኤርካሎ
የጉድጓድ ቁጥር አራት ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር እኔው ራሴ ከጉድጓዱ የቀዳሁትን አንድ ጀሪካን ውሃ ልኬያለሁ። ብሩክታይት ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ውሃ ይላካል ወይ ብላ ተቀይማኛለች። እርስዎ ግን በወረቀትዎ ካመኑ ይጠጡት፤ ካላመኑ ቦቴውን ይመልሱልን።