ከመዝገብ የተሰረዙት መምህር፦ ስለ መምህር ገብረ ኪዳን እንዳላማው ዕረፍት

ከጮቄ ግርጌ ስደተኛ ትምህርት ቤት የመምህራን ማኅበር

ለማኅበሩ አባላት፣ ለተማሪዎች፣ እንዲሁም በሮብ ገበያ፣ በአምበርና በሉማሜ ለሚገኙ ወገኖች ሁሉ

ግንቦት ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

መምህር ገብረ ኪዳን እንዳላማው በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ሚያዝያ ፲ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ በጠላት እጅ ተገድለዋል። አስከሬናቸው ለቤተሰቡ አልተሰጠም፤ የት እንደ ተቀበሩም እስከ ዛሬ አላወቅንም። ማኅበራችን በመምህሩ ሞት እጅግ አዝኗል። ከሐዘኑ ጋር ደግሞ ዕረፍት የሚነሳ ነገር አለብን። ይህን መግለጫ ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስት ጊዜ የቀደድነው ስለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሟችን አገልግሎት እንጂ የጸሐፊዎቹን በደል አይዘረዝርም፤ በዚህኛው ግን አንዱን ከሌላው ልንለየው አልቻልንም።

መምህር ገብረ ኪዳን በ፲፰፻፶፭ ዓ.ም. በስናን፣ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ተወለዱ። አባታቸው አቶ እንዳላማው ቀጥቃጭ፣ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የሚያርሰው አባታቸው በሠሩት ማረሻ ነበር። ያው ገበሬ ግን ልጁን ከእነርሱ ልጅ ጋር አያጋባም፤ በመንገድ ሲያገኛቸውም ፊቱን ያዞር ነበር።

በ፲፰፻፷፰ ዓ.ም. ቅኔ ቤት ገቡ። «የማን ልጅ ነህ?» ተብለው ሲጠየቁ «የገበሬ ልጅ ነኝ» አሉ። በዚህ ቃል ስድስት ዓመት ተማሩ።

በ፲፰፻፸፬ ዓ.ም. ሊመረቁ ጥቂት ወራት ሲቀሯቸው አባታቸው ስንቅ ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። ከተማሪዎቹ አንዱ አየና «ይኼ የኛን ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ አይደለም እንዴ?» አለ። መምህር ገብረ ኪዳን በማግስቱ ከቅኔ ቤቱ ተባረሩ። ትምህርታቸውን የጨረሱት ማንም በማያውቃቸው በሩቅ አገር ነው።

በ፲፰፻፹፬ ዓ.ም. ክፉው ቀን ሲያልፍ «የእጅ ሥራ ክብር» የተባለውን መጽሐፋቸውን በብራና ጻፉ። መጽሐፉ የቀጥቃጩን፣ የሸማኔውን፣ የቆዳ ፋቂውን፣ የጭሰኛውንና በባርነት የተያዘውን ሰው ነገር አንድ በአንድ አንሥቶ ባለርስቱንና ሊቃውንቱን ይጠይቃል። «ረኀቡ ሲመጣ ባለርስቱንም ቀጥቃጩንም አንድ ጉድጓድ ቀብረናቸዋል፤ ያን ጊዜ ማን ለያቸው?» የሚል ቃል አለበት። ለአገር ሽማግሌዎች ቢያቀርቡት ሳይነበብ ተመለሰላቸው።

በ፲፰፻፹፰ ዓ.ም. በራሳቸው ግቢ ሰባት ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪና የፋቂ ልጆች፣ ከባርነት የወጣችም አንዲት ልጅ ነበሩ። ቤቱ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎባቸዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሰው ሠሩት።

በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. የእኛ የቅኔ መምህር ሲያርፉ መምህር ገብረ ኪዳንን የሚያህል ሰው ስላልተገኘ ትምህርት ቤታችን ተቀበላቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር ሲያገለግሉ ወንበራቸው ከበሩ አጠገብ ነበር። በዚያ ይቀመጡ ብሎ የወሰነ ጉባኤ የለም፤ ወደ ውስጥ ይግቡ ያለም የለም።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ጠላት ትምህርት ቤታችንን አቃጥሎ ወደ ጮቄ ግርጌ ስንሰደድ መምህር ገብረ ኪዳን ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከቤታቸው ቀሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የብርጓልና በዚያ ቀን ገበያ ከዋሉ ሰዎች ሰምተን ነው የምንጽፈው።

በየካቲት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. የጠላት ሹም ወደ ደብረ ማርቆስ አስጠራቸው። መጽሐፉ መኖሩን ሰምቷል። በአስተርጓሚው በኩል «እርስዎ ከአርባ ዓመት በላይ የለመኑትን የጣሊያን መንግሥት ዛሬ ሊፈጽመው ነው። በገበያ ቀን ቆመው ያንብቡት። ከሸፈቱት ባለርስቶች መሬት ተቆርሶ ለእርስዎና ለወገኖችዎ ይሰጣል» አላቸው። መምህሩ ሦስት ቀን እንዲያስቡበት ጠየቁ። በሦስተኛው ቀን «አነባለሁ» ብለው ላኩ።

ወሬው ደረሰን። መጋቢት ፬ ቀን ማኅበሩ ተሰበሰበ። መምህር ደርቤ «ይኼ ዕድሜ ልኩን የያዘው ቂም ነው፤ አሁን በጠላት እጅ ሊበቀለን ነው» አለ። ሰብሳቢያችን የኔታ ባዘዘው «ሄደን እንጠይቃቸው እንጂ፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ቢሉም የሚሄድ ሰው አልተገኘም። ከኋላ አንድ ድምፅ «ድሮስ ከቀጥቃጭ ልጅ ምን ይጠበቃል?» አለ። ይህን ያለው አንድ ሰው ነው። የተቃወመው ግን አንድም ሰው የለም። ስማቸው ከመዝገብ ተሰረዘ፤ መሰረዛቸውን የሚያስታውቅ ደብዳቤም በማኅተማችን ተጽፎ ተላከላቸው።

ወይዘሮ የብርጓል እንዲህ ብለውናል፦ «ደብዳቤያችሁ ማክሰኞ ጧት ደረሰ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ‹ባለማወቅ ነው የጻፉት› አሉኝ። ምሳ አቀረብሁላቸው፤ አልቀመሱም።»

በማግስቱ ረቡዕ፣ መጋቢት ፮ ቀን፣ መምህር ገብረ ኪዳን በልጃቸው በዘሪቱ ትከሻ ተደግፈው ሮብ ገበያ መካከል ቆሙ። ሹሙና ወታደሮቹ ከጎናቸው ነበሩ። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተው አነበቡ። ቀጥቃጩን ሲያነሡ ገበሬው አንገቱን ደፋ፤ ሹሙም ደስ አለው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ በአዲስ ቀለም የተጻፈ ቅጠል ገለጡ።

«ሰው በአባቱ ሥራ አያንስም ብዬ ለወገኖቼ ጽፌ ነበር» አሉ። «ሰው በቆዳው ቀለምም አያንስም። የወንድሜን ንቀት የተቃወምሁት ለባዕድ ንቀት ላድር አይደለም። ሊሰጡኝ ያሰቡት የጎረቤቴን መሬት ነው፤ አልወስድም። እናንተ የእጅ ሠራተኞችም አትውሰዱ። ከወንድሞቻችን ጋር ያለብንን ሙግት እኛው እንጨርሰዋለን። እናንተም ባለርስቶች፣ ይህን ስላልሁ ሙግቱን የተውሁላችሁ አይምሰላችሁ።»

አስተርጓሚው መተርጎሙን አቆመ። ሹሙ «ምን እያለ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «ጸሎት እያደረሱ ነው» አለው። ነገር ግን አማርኛ የሚሰማ ሌላ ወታደር ነገሩን ለሹሙ ገለጠለት። መምህሩን በዚያው ያዟቸው፤ መጽሐፉንም ወሰዱት። በታሰሩ በሠላሳ አምስተኛው ቀን ተገደሉ። መሬቱን ለመውሰድ ከተጻፉት ሃያ ሁለት ሠራተኞች ዐሥራ ዘጠኙ በዚያ ሳምንት ስማቸውን አስፍቀው ወጥተዋል።

ማኅበራችን ሚያዝያ ፳፫ ቀን ተሰብስቦ የመምህር ገብረ ኪዳንን ስም ወደ መዝገቡ መልሷል። መምህር ደርቤ በፈንታው የእርሱ ስም እንዲሰረዝ ለምኖ ነበር። በደሉ የአንድ ሰው ስላልሆነ አልተፈቀደለትም። መጽሐፉን ወይዘሪት ዘሪቱ ከአባታቸው ጋር ደጋግመው ያነበቡት በመሆኑ በቃላቸው እያወረዱ እንደ ገና እየጻፉት ነው፤ ዐሥራ አንደኛው ቅጠል ላይ ደርሰዋል። ሲያልቅ በትምህርት ቤታችን እንዲነበብ ተወስኗል። ውሳኔው የተላለፈው በድምፅ ብልጫ እንጂ በአንድ ቃል አይደለም፤ እንዲህ መሆኑንም አባላት ሁሉ እንዲያውቁት ይገባል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የብርጓል፣ ለልጃቸው ለወይዘሪት ዘሪቱ፣ ለተማሪዎቻቸው፣ በየመንደሩ በሙያቸው ለሚኖሩ ወገኖቻቸውም ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን እንዲሰጥልን እንለምናለን። እኛንም ይቅር እንድትሉን እንጠይቃለን፤ ቶሎ ይቅር በሉን ለማለት ግን ድፍረት የለንም።

ይህን ቃል በአካል ለማድረስ ከማኅበሩ የተመረጡ ሰባት መምህራን ግንቦት ፪ ቀን ወደ ሐዘኑ ቤት ሄደው ነበር። ወይዘሮ የብርጓል ቃላችንን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም ራሳቸው በሠሩት የሸክላ ወጭት ምሳ አቀረቡና «እህል ቅመሱ» አሉ። አምስቱ እጃቸውን ታጥበው ከቤተሰቡ ጋር በሉ። ሁለቱ «ጾመኞች ነን» ብለው ተነሡ። ጊዜው በዓለ ኀምሳ ነው፤ ጾም የለም።

ወይዘሮ የብርጓል አልተቆጡም። የሁለቱን ድርሻ ከድነው ወደ ጓዳ እያስገቡ «ሲፈቱ ይምጡ» አሉ።