ሽማግሌ የጫነው ሚኒባስ

ከሚሴ

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የባቲ ሙቀትስ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ካንቺ ድምፅ በቀር የጎደለኝ የለም። ስልኬን አላነሳ ስላልሽኝ ነው የጻፍኩት። እህቴ ሱዓድ ታንብብልሽ፤ እስከ መጨረሻው ሳትሰሚ ግን አታስቁሚያት።

በአጎቴ በአደም በኩል የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። «ሰው ፊት አዋርዳኛለች፤ ሄዳ የሐጂ አብዱልጀሊልን ጉልበት ስማ ይቅርታ ትጠይቅ» ብለሻል አሉ። እማ፣ በሌላ ነገር ጉልበታቸው ቀርቶ ጫማቸውንም እስማለሁ። በዚህ ግን አልስምም።

የሆነውን ከእኔ ስሚው። ወደ ትራፊክ ቢሯችን የፍጥነት መለኪያውና ካሜራው ከመጡ ቆይተዋል፤ ተፈትሸው በይፋ እስኪጸድቁ ድረስ ግን በእነሱ መቅጣት አይቻልም ነበር። ሹፌሮቹ ይህን ስለሚያውቁ እየሳቁብን ያልፉ ነበር። የጸደቁት ልክ በዚያ ሳምንት ነው። ፈቃድ የተከለከልኩትም ለዚሁ ነው። አንቺ ባቲ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ብለሽ ቤት ስታስጠርጊ፣ እኔ የትራፊክ ልብሴን ለብሼ ከሚሴ መውጫ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቆሜ ነበር።

በሰንበቴ በኩል አንድ ሚኒባስ እየበረረ መጣ። ልጆች የሚሻገሩበት ሰዓት ነው። ሠላሳ በሚነዳበት ቦታ መለኪያው ሰባ አንድ አለ። የማን መኪና እንደሆነ አላወቅሁም ብዬ ልዋሽሽ እችል ነበር። አውቄያለሁ። የሚነዳው ኸይረዲን ራሱ ነው፤ ከኋላው እኔን ሊጠይቁለት የሚሄዱት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል።

ባልደረባዬ ሙሐመድዘይን «ተይው፣ ዛሬ ያንቺ ቀን ነው» አለኝ። ከአንድ ቀን በፊት ግን አንድ የአይሱዙ ሹፌር የታመመ ልጅ አለብኝ እያለ ሲለምነኝ ቀጥቼው ነበር። ሊያገባኝ የሚመጣውን ባሳልፍ ያንን ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አስቆምኩት።

የሽማግሌዎቹ መሪ ሐጂ አብዱልጀሊል በመስኮት ብቅ ብለው «ልጄ፣ ለማን ብለን የምንሄድ መስሎሻል?» አሉኝ። «አውቃለሁ አባባ፣ ዱዓዎት አይለየኝ» ብዬ ቅጣቱን ጽፌ ለኸይረዲን ሰጠሁት። እሱ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ሐጂ ግን ነደዱ። «ሳያገባት የቀጣችው፣ ካገባት በኋላ ምን ልታደርገው ነው?» አሉና በኦሮምኛ «ዴቢኢ!» ብለው ጮኹበት። መኪናው ዞሮ ወደ ሰንበቴ ተመለሰ።

አንቺ ሙክት አርደሽ፣ ዘመድ ሰብስበሽ በር በሩን ስታዪ መዋልሽን ስሰማ አልቅሻለሁ። ያለቀስኩት ላንቺ ነው፤ ላደረግኩት አይደለም። ነገም ቢመጣ አስቆመዋለሁ። «ትራፊክ ሴት ማን ያገባታል» ያለችሽን ጎረቤታችንን ዙቤይዳንም፣ ማንም ካላገባት ይቅር ብላለች በያት።

ባለፈው ሳምንት ኸይረዲን ቢሮ መጣ። ጓደኞቹ መሣሪያው ልክ አይደለም ብለህ ተከራከር እንዳሉት ሰምቼ ስለነበር፣ ጠብ ሊያነሳ ነው ብዬ ወገቤን ጠበቅ አደረግሁ። አለቃችንም መለኪያው ድጋሚ ይፈተሽልህ ወይ ብሎ ጠየቀው። እሱ ሰው ሁሉ እየሰማ «መለኪያው ልክ ነው። ሐጂ እንኳ መንገዱን ሁሉ ቀስ በል ሲሉኝ ነበር፤ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ሲወጣ አጠገቤ ቆም ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቸኩዬ ነበር» አለኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁትም። ቀጥሎ እረፍትሽ መቼ ነው አለኝ፤ ነገርኩት።

ይቅርታ እንዳልጠየቅሁ ልብ በይ፤ ማንንም።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜሽን ከኸይር ጋር ያርዝመው። ሰኞ እረፍት ነኝ፤ በገበያው ቀን ባቲ እመጣለሁ። ምሳውን ከወትሮው በዛ አድርጊው። ካረፈድንም አትጨነቂ፤ ሹፌሩ አሁን ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።

እልኸኛዋ ልጅሽ