የፋንታ ፋንታ

ጥቅምት 18

ደብተሬ ሆይ፣ እኔ ኃጢአተኛዋ ሉሊት ይታያል፣ ከልብስ ሰፊው አባቴ ጣሳ አራት የኮት ቁልፍ መስረቄን በፊትህ እናዘዛለሁ። አንዱ ትልቅ ጥቁር ነው፣ የመሪጌታ አካለ ወልድ ካፖርት ላይ የሚተከል። ንስሐ? ገና ነኝ... የአይሲቲ መምህራችን ስለ ክሪፕቶ፣ ስለ ኢንተርኔት ገንዘብ፣ የሚያስተምር የካርቶን ጨዋታ ሥሩ ብሎናል። የተሻለው ሞጣ ለኤግዚቢሽን ይሄዳል። ቁልፎቹ መጫወቻ ሆኑ። ዳይሱን ከሳሙና ጠረብኩት።

ጥቅምት 20

የአባዬ ታናሽ ወንድም ጋሼ ፋንታ ከሞጣ መጣ። (ፊት ለፊት አንቱ ነው። እዚህ አንቱታ አላባክንም።) ሁለት ስልክ፣ ሹል ጫማ። ምሳ ላይ የአባዬንም ፋንታ ጠራርጎ በላና "ጎተራ ኮይን" ስለሚባል ክሪፕቶ ሰበከ። ዛሬ የገባ ለፋሲካ ባለ ፎቅ ነው።

አባዬ አንድ ሜትር ጨርቅ ሲገዛ ገልብጦ፣ ስቦ፣ አሽትቶ ነው። ለጎተራው ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ሲንጀሩን ሸጦ ሊገባ ነው። ልብስ ሰፊ ያለ መኪናው ምን ሊሰፋ? እኛስ ምን ልንበላ?

ጥቅምት 22

ጨዋታውን ሞክሩልኝ አልኳቸው። በካርዶቼ ላስፈራራቸው ነበር... "ዋጋው ወደቀ፣ ግማሹን መልስ።" "የይለፍ ቃል ረሳህ፣ ሁሉም ጠፋ።"

ምን ሆነ? አባዬ ሁለቴ ስድስት ጣለ። እንደ ገንዘብ የያዝነውን አንድ እፍኝ በቆሎ ሁሉ አሸነፈና እጄ ይቀናዋል ማለት ነው አለ። ጋሼ ፋንታ ደግሞ ካርቶኑን ሞጣ ወስጄ ሰው ላስገባበት ይለኛል። ማስታወቂያ ሠራሁለት። በገዛ ሳሙናዬ። ቱ!

ጥቅምት 23

የሲንጀሩ ገዢ ለነገ ማታ ተቀጥሯል። ጨዋታዬ ምን ጎደለው?

አባዬ ለእኅቱ ልጅ እንኳ ሱሪ በዱቤ ሲሰጥ ምን ነበር ያለው... "ዋስ ጥራ።"

ዋስ! መቀሴ የት አለ?

ጥቅምት 24

መሪጌታ ካፖርታቸውን ሊወስዱ መጡ። ገበሩ ገና ነው አላቸው አባዬ። እኔም እስከዚያው ይጫወቱ ብዬ አስቀመጥኳቸው። የገዛ ቁልፋቸውን በካርቶኔ ላይ ሲገፉ ላብ አጠመቀኝ። አላወቁትም።

አዲሱ ካርድ ለጋሼ ፋንታ ደረሰው። "ዋስ ጥራ። ስሙም ቤቱም የሚታወቅ ሰው። ከሌለህ ያለህን አስረክብ።" ሳቀ። ዋሱ ኔትወርኩ ነው አለ። ሰሞኑን ሦስት ቀን ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ?

አባዬ አልሳቀም።

"የጎተራው ባለቤት ማን ይባላል?"

"ባለቤት የለውም። ጥሩነቱ እሱ አይደል?"

"አንተስ ዋስ ትሆነኛለህ?"

ጋሼ ፋንታ አንዱን ስልክ ትቶ ሌላውን ማየት ጀመረ። መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ፣

"ይታያል፣ ይታያል እኮ። ፋንታህ ፋንታ ኪስ ነው።"

ይታያል የአባዬ ስም፣ ፋንታ የጋሼ፣ ሁለቱም በአንድ ቅኔ! የቅኔ ተማሪ በየደጁ ለምኖ፣ በውሻ ተነክሶ የሚማረው ለዚህ ነው? ይቅር በሉኝ፣ ድሮ በተማሪዎቹ ስቄባቸው ነበር።

ጥቅምት 26

ከትናንት ወዲያ ማታ ገዢው ሲንጀሩን ሳያይ ከደጅ ተመለሰ፣ አባዬ አልሸጥም አለው። ጋሼ ፋንታ በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደ። ከቡና ቁርስ የተረፈውን ቆሎ በኪሱ ሞልቶ። ኤጭ።

ጨዋታዬ ለሞጣ አልተመረጠም። መምህሩ "ክሪፕቶ ውስጥ ዋስ የሚባል ነገር የለም" ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ። እኔስ ምን አልኩ?

ሲንጀሩ ከጠዋት ጀምሮ ይንቀጫቀጫል። ይህን ድምፅ እንዴት እጠላው ነበር... ዛሬ ይቀጥል ብዬ እያዳመጥኩ ነው።

ቆመ። ጣሳው ተንኳኳ። ለመሪጌታ ካፖርት ቁልፍ እየፈለገ ነው። ትልቁ ጥቁር እዚሁ ጉልበቴ ላይ፣ ካርቶኑ ጫፍ "አሸናፊ" የሚለው ላይ ተቀምጧል። ልደብቀው? የት? እግሩ መጣ... በሩ ላይ ነው፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ፣ ዓይኑ ቁልፉ ላይ...

"ሉሊት። ዋስ ጥሪ።"