ሳታጥብ የሰቀልካት ጠመንጃ

ለወንድሜ ለሌሙኤል ፕራተር፣ ሚዙሪ።

እንደምን ከርመሃል? ከነባለቤትህ፣ ከነልጆችህ፣ ከነከብቶችህ ደህና ነህ ወይ? ወገብህስ ተሻለህ? ያ የሚያስነጥስህ የጸደይ ጉንፋን አገር ስትለውጥ ተወህ ወይስ ተከትሎህ ሄደ? ይህ ደብዳቤ ምንም ሳይጎድልህ፣ በሙሉ ጤንነትህ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። ምኞቴ የእውነት ነው፤ የታመመ ሰው መሳደብ አልወድም።

እኔ ደህና ነኝ። የተሰበረው እግሬ ገጥሟል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል። ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ቱርዛ ናት። የምናገረውን እንዳታለሳልስ አስጠንቅቄያታለሁ። «አባዬ፣ ይቺን ቃል ብንተዋትስ?» ብላ ሁለት ጊዜ ለምናኛለች፤ አልተውናትም።

ደብዳቤህ በኅዳር ደርሶኛል። «ኢኖክ ወንድሜ፣ እንግዲህ አርጅተሃል፣ ዓይንህም ደክሟል፤ የአባታችንን ጠመንጃ በባቡር ላክልኝ፣ እኔም ልጁ ነኝ» ብለሃል። መልሱን ታገኛለህ። ነገር ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ያደረግኸውን ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።

ከዚህ የሄድክ ሰሞን፣ ኢላማ የመታ የሰንጋ ሥጋ በሚካፈልበት በሰንጋው ተኩስ ላይ፣ በዚያች ጠመንጃ አሥራ አንድ ጊዜ ተኩሰህ የፊት ብልት አሸንፈሃል። ማታ ከምሰሶው ላይ ስትሰቅላት «አጠብካት?» አልኩህ። «አጥቤ፣ ቀብቼ ነው የሰቀልኳት፤ አንተ አትንካት» አልከኝ። አየኋት፣ ታበራለች። ለካ ላይ ላዩን የድብ ሞራ አሽተህ፣ አፏን በቅባት ጨርቅ ወትፈህ ነው! አባታችን ጠመንጃ ሳያጥብ እራት እንደማይቀምስ አንተም እኔም እናውቃለን። እናታችን ወጡን እንደገና እያሞቀች ስንት ጊዜ ተነጫንጫለች? በዚያው ክረምት ግንድ እግሬን ሰበረኝና አደን ሳልወጣ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንተ የተውከው የባሩድ ጥቀርሻ ያን ሁሉ ጊዜ ሆዷ ውስጥ እርጥበት እየጠጣ፣ እየዛገ፣ እየጠነከረ ተቀመጠ።

ባለፈው ጥቅምት ለሰንጋው ተኩስ ይዣት ወጣሁ። ሃያ ሁለት ሰው ነበርን። ሁሉም ባሩድ ከማጉረሱ በፊት አፈሙዙን ወደ ሣር ዘቅዝቆ ባሩድ የምታቀጣጥለውን የመዳብ ቆብ ብቻዋን ይተኩሳል፤ ሣሩ ከተነቃነቀ የእሳቱ መንገድ ክፍት ነው ማለት ነው። እኔ አልሞከርኩም። ይባስ ብዬ፣ «ምነው፣ ጠመንጃችሁን አታምኑም እንዴ? የእኔን ያጠባት ወንድሜ ነው!» ብዬ ጮክ ብዬ ፎከርኩ። ይህን ያልኩት አንተን አምኜ ነው፣ ሌሙኤል።

ተራዬ ደረሰ። አልሜ ቃታውን ሳብኩ። ቆቧ ጠቅ አለች፣ ጠመንጃዋ ዝም። ሌላ ቆብ አደረግሁ፤ ጠቅ፣ ዝም። በሦስተኛው ዝም ካለች ተራህ እንደሚያልፍ ታውቃለህ። ዝም አለች። ቀጥቃጩ ዶርሲ ካውዲል ከኋላዬ፣ አገሩ ሁሉ እንደሚጠራኝ፣ «አጎቴ ኢኖክ፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ፣ ጠመንጃዎ እንቅልፍ ወስዷታል!» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ኧረ እሷ እዚህ የለችም፣ ከሌሙኤል ጋር ሚዙሪ ሄዳለች!» ብሎ ተቀበለው። አጥር ላይ የተቀመጡት ሁሉ በሳቅ ተንከተከቱ። ሰባ አንድ ዓመት በዚህ ጅረት ዳር ኖሬ ሰው እንዲህ ስቆብኝ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ያጎረስኩትን የእርሳስ ጥይት በጠመዝማዛ ማውጫ ሰርስሬ አወጣሁት። ከዚያ መወልወያውን ዘንግ ሰደድኩት፤ ከመጨረሻው አራት ጣት ሲቀረው ቆመ። በአራት ጣት ሙሉ የአንተ ውሸት ተቀምጦበት ነበር። ውሃ አፍልቼ፣ በአመድ ሳሙና በጥብጬ በቅል አንቆረቆርኩባት። መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ አመድማ፣ ቀጥሎ እንደ ደም የቀላ ወጣ። ቃጫ በዘንጉ ጠቅልዬ ፈተግሁ። ኮምጣጤም፣ የጥድ ዘይት ተርፐንታይንም አፍስሼባት አደረች፣ ሰነበተች። ስምንት ቀን! ቱርዛ፣ «አባዬ፣ ድስቱን ሁሉ ጨረስከው፣ ምን ልቀቅልበት?» ትለኛለች። ሁለት ጣት ያህል ለቀቀ፤ ሁለቱ ጣት ድንጋይ ሆኖ ቀረ። በእያንዳንዱ ፍትጊያ ስምህን እጠራ ነበር፤ ስትጠመቅ እንደተጠራኸው ግን አልነበረም አጠራሬ። ያን ሳምንት ነው «ጠመንጃዋን ላክልኝ» የሚለው ደብዳቤህ የመጣው።

በዘጠነኛው ቀን በበቅሎዬ ላይ አስሬያት ዶርሲ ጋ ወረድኩ። አዎ፣ በአሳማ ተካሰህ ዳኛ ፊት ያቆምከው ዶርሲ። እኔም እጄን አንስቼ «ወንድሜ አይዋሽም» ብዬ የማልኩልህ። ገና ሲያየኝ ጥርሱ ተገለጠ። «ሳቅህን ጨርስና ብረት የምትነክስበትን ሞርሳህን ክፈትልኝ» አልኩት። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና ሳቁ ጠፋ። «ይህን ያደረገ ሰው መታሰር ነበረበት። ማን ነው?» አለኝ። «ወንድሜ ነው» አልኩት። አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ፣ «አጎቴ፣ የእኔን አሳማ ጆሮ ቆርጦ የራሱን የከብት ምልክት ያደረገበትም እሱ ነው፤ እርስዎ ግን ማሉለት» አለኝ።

«ስንት ትለኛለህ?» ስለው፣ «የሌሙኤልን ሥራ ማፍረስ ነው እንዴ? ይህማ ድግሴ ነው!» አለ። አፈሙዙን በቆዳ ጠቅልሎ ሞርሳው ላይ አሰረ። ከኋላ ያለውን መድፈኛ ብሎን ዘይት አጠጥቶ፣ ቁመቴን የሚያህል መፍቻ ይዞ ተንጠለጠለበት። ብሎኑ ሲላቀቅ እንደ ጥጃ ጮኸ። አሁን ከሁለቱም በኩል ብርሃን ገባና ያ ጥቁር ቀለበት ታየ። በናስ መፋቂያ ፈረፈርነው። ከዚያ እርሳስ አቅልጦ በዘንጉ ጫፍ ዙሪያ አፈሙዙ ውስጥ አፈሰሰው፤ እርሳሱ የውስጡን ጠመዝማዛ ቦይ ልክ ይዞ ረጋ። ዘይትና የላመ የአሸዋ ዱቄት ቀባነው፤ እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ሆነን እንደ መጋዝ ሦስት ቀን ሳብን። በሦስተኛው ቀን ነጭ ጨርቅ ሰደድን፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። ጥቂት ጠባሳ ቀርቷታል፣ ግን ትተኩሳለች። ዶርሲ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት እንደገና በፈላ ውሃ አጠባት። እራቱ እየቀዘቀዘበት፣ ማንም ሳያዘው።

በየካቲት ለሰንጋው ተኩስ እንደገና ተገናኘን። ይህን ጊዜ ሣሩ ላይ ሞከርኩ፤ ሣሩ ተነቃነቀ። «ደከመ» ባልከው ዓይኔ አልሜ ኢላማው ላይ የተሰመረውን መስቀል መሐል በረቀስኩት። የአንደኛውን ድርሻ፣ ቆዳውንና ሞራውን፣ እኔ ወሰድኩ። ዶርሲ በጭረት ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። «ምነው ያን ጊዜ እጄ በሰነፈ! አጎቴ ኢኖክ፣ አብዝቼ ፈተግሁልዎት» እያለ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ። ከአጥሩ ላይ የሳቀ ሰው አልነበረም።

አሁን መልስህን ስማ። በማግስቱ ወደ ከተማ ወርጄ በዳኛው ፊት፣ በሁለት ምስክር፣ ምልክቴን አኑሬያለሁ። በመጀመሪያ ስለ አሳማው የማልኩት የአንተን ቃል አምኜ እንጂ በዓይኔ አይቼ እንዳልሆነ አስመዝግቤአለሁ። ቀጥሎ እኔ ስሞት የአባታችን ጠመንጃ የዶርሲ ካውዲል እንድትሆን አጽፌአለሁ። እንደምትናደድ አውቃለሁ፤ እንድትናደድ ነው። ሳታጥባት ብቻ ብትሰቅላት ኖሮ ሰድቤህ እልክልህ ነበር። «አጥቤያታለሁ» ስላልከኝ ነው። ቃልህን ይዤ ሰው ፊት ፎከርኩ፣ ቃልህን ይዤ ዳኛ ፊት ማልኩ።

ግን ድርሻዬን ከለከለኝ ብለህ እንዳታማኝ፣ በዚህ ፖስታ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። ጠረጴዛ ላይ እንዳትከፍተው፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከሆዷ የፋቅነው ጥቁሩ ነው። ለራሴ አንድ ቁንጥር አላስቀረሁም። ከአባታችን ጠመንጃ ያንተ የሆነው ይኸው ነውና ተረከበኝ።

ለባለቤትህ ለሄስተር ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷን ምንም አላልኳትም። ለልጅህ ለዶርካስ፣ ቱርዛ የሸመነችውን የአንገት ልብስ በሚቀጥለው መንገደኛ ትልክላታለች። አማትህን እንደምን ነሽ በልልኝ። ለትልቁ ልጅህ ለኦርቪል ልዩ ሰላምታ አለኝ፤ ጠመንጃ ይዞ ሲወጣ፣ አባቱ «አጥቤልሃለሁ» ቢለውም ዘንግ ሰድዶ ይሞክር።

ታላቅ ወንድምህ ኢኖክ ፕራተር፣ ምልክቴ ✕

ብላክ ገም ጅረት፣ ኬንታኪ
መጋቢት 9 ቀን 1889