ዳክዬ የጠበቀው እንግዳ

ለውድ እህቴ ለሮዛሊንድ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም እንደ ሕፃን እየተለማመጥሽው ነው? የኬነዝ ሳልስ ለቀቀው? እናንተ ጋ ብርዱ ሊወጣ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ሊገባ ደጃፍ ላይ ቆሟል። እኔ ወገቤ አልፎ አልፎ ከሚቆነጥጠኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ምክንያቱን ስትደርሺበት ታይዋለሽ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ሽመላው መጠጥ ቤት ተዘጋ የሚባለው እውነት ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ወሬው ታዝማኒያ ድረስ መድረሱ ገርሞኛል፤ የማርጀሪ ምላስ መሆን አለበት። አልተዘጋም። ግን ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ሊያስዘጋው የነበረው ደግሞ ማን መሰለሽ? እኔ እህትሽ! ሃያ ስድስት ዓመት ቢራ የቀዳሁበትን ቤት በገዛ አፌ ላስዘጋው ነበር። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጎድፍሪ ቤቱን ይዞ በነበረበት ዘመን የእንግዶች አስተያየት የሚጻፈው በር አጠገብ በተቀመጠ ወፍራም ደብተር ላይ እንደነበር ታስታውሻለሽ። «መረቁ ግሩም ነው፤ ውሻችሁ ግን ወንበሬን ቀምቶኛል» ዓይነት ነገር ነበር የሚጻፍበት። ጎድፍሪ አንድም ቀን አላነበበውም። የመስኮቱ ጠረጴዛ አንድ እግር ስላጠረው ደብተሩን ከሥሩ ሸጎጠው፤ ከዚያ ወዲህ አስተያየት መስጠት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ጠረጴዛ ማንሳት ነበረበት። ጎድፍሪ ጡረታ ሲወጣ ቤቱ የቢራ ጠማቂው ኩባንያ ንብረት ስለሆነ ፒርስ የሚባል ልጅ እግር ሰውዬ አስተዳዳሪ አድርገው ከለንደን ላኩልን።

ስለ ፒርስ ክፉ መናገር አልፈልግም፤ እናቱ ትወደዋለች ብዬ አምናለሁ። ግድግዳውን ሁሉ ግራጫ ቀባው። ሳህኖቹን ሰብስቦ ምድር ቤት ቆለፈባቸውና ምግቡ በጣሪያ ድንጋይ ላይ ይቅረብ አለ። አዎ፣ ጣሪያ በሚከደንበት ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ! በዚያን ጊዜ አስተያየቱ ሁሉ በስልክ ሆኗል፤ ሰው የፈለገውን ጽፎ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። አንዷ እንግዳ ምን ብላ ጻፈች፤ «መረቁ ከድንጋዩ ወርዶ ጭኔ ላይ ደረሰ። ትኩስ ነበር፤ የሚመሰገነው ይሄ ብቻ ነው።» ሌላው ደግሞ «ቤቱ የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ይመስላል፤ ልዩነቱ ጥርስ ሐኪም ጋ ሰው ቶሎ መጠራቱ ነው» አለ።

ከሁሉ የባሰው ግን ሰውን በፍቅር «ዳክዬ» ብሎ መጥራት መከልከሉ ነበር። አንቺ እዚያ እንደደረስሽ ባለሱቁን «አመሰግናለሁ ዳክዬ» ብለሽው እንዴት እንዳፈጠጠብሽ ጽፈሽልኝ ስንስቅ አልነበር? እዚህ ቄሱም ዳክዬ ነው፣ ፖሊሱም ዳክዬ ነው፣ ሬሳ ሳጥን የሚሸጠውም ዳክዬ ነው። ፒርስ ግን «ቬራ፣ ደንበኛ በወፍ ስም አይጠራም» ብሎ አስጠነቀቀኝና ሰውን ሁሉ «ጌታዬ»፣ «እመቤቴ» ማለት ጀመርኩ። ደጃችን ባለው ቦይ ጀልባው ላይ የሚኖረው ሽማግሌው ዊልፍ አንድ ቀን ቢራውን አስቀምጦ «ኧረ ቬራ፣ ጌታዬ ስትይኝ እኮ ዳኛ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ምን ሰረቅኩ?» አለኝ። ፒርስ አሥራ አንድ ወር ቆይቶ ሄደ። ሲሄድ ቤቱ ሁለት ኮከብ ከግማሽ ነበረው።

ኩባንያውም ቁርጡን ነገረን፤ አንድ አስተዳዳሪ ብቻ ይሞከራል፤ እስከ ኦገስት መጨረሻ የእንግዶቹ አስተያየት በአማካይ አራት ኮከብ ካልደረሰ ቤቱ ይሸጥና መኖሪያ አፓርትማ ይሆናል። ሮዝ፣ ፖስታ ቤቱ ከተዘጋ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሱቁም ባለፈው ዓመት ተከተለው። ሽመላው ቢዘጋ ዊልፍ ከማን ጋር ያወራል? እኔስ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ የማን ቢራ እቀዳለሁ?

በፋሲካ ሰሞን አዲሷ አስተዳዳሪ ሃርጂት መጣች። የስሜትዊክ ልጅ ናት፤ አባቷ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሠርቶ በኋላ የራሱን መጠጥ ቤት የከፈተ የፑንጃብ ሰው ነው። ከሻንጣዋ በፊት ከመኪናው ያወረደችው ትልቅ የከሰል መጥበሻ ነበር። ማርጀሪ «እዚህ ቤት ካሪ ከገባ እኔ አልገባም!» ብላ በየቤቱ ዞረች። በሦስተኛው ቀን የበግ ጎድን በሁለት እጇ ይዛ፣ አገጯ በቅመም ቀልቶ አገኘኋትና «ማርጀሪ፣ አልገባም አላልሽም እንዴ?» ብላት «ምን እንደሚሸት ለማጣራት ነው የመጣሁት» አለችኝ። እስከ ዛሬ እያጣራች ነው።

ሃርጂት ሳህኖቹን ከምድር ቤት አወጣቻቸው፣ ሰው የለመደውን በሊጥ የተከደነ የስጋ ፓይም እንዳለ ተወችው። እኔም ነገሩ ከንክኖኝ ስለ ዳክዬው ጠየቅኳት። «እኛ ሰፈር ‹ባብ› ነው የምንባባለው፤ ትርጉሙን የሚያውቅ የለም። አንቺ ዳክዬ ብትይኝ ምን ይጎድልብኛል? አፍሽ እንደለመደው» አለችኝ። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። አስተያየቱም ቦዩ ላይ የውሃ በር ተዘግቶ ውሃ እንደሚሞላለት ጀልባ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ሦስት ከግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ኦገስት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አራት ገባን። ልክ አራት፣ አንዲት ፍርፋሪ ትርፍ የሌላት።

እንግዲህ ጉዴን ስሚ። ማክሰኞ ቀን አንድ ቤተሰብ ጀልባ ተከራይቶ መጣና ደጃችን አሰረ። ከደቡብ እንግሊዝ ነው የመጡት፤ ረጅም መነጽራም ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች። ቤቱ ጢም ብሏል። ሚስትየው ለራሷና ለልጆቿ ፓይ አዘዘች። እኔም ወደ ባልየው ዞር ብዬ «አንተስ፣ ዳክዬ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ዳክዬ» አለኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ከደቡብ መጥቶ በእኛ ቋንቋ መለሰልኝ ብዬ፣ ለጊዜው ቢራው ይበቃዋል ብዬ ሄድኩ። ቆይቼ ሳልፍ «ሰላም ነው፣ ዳክዬ?» አልኩት። «እየጠበቅኩ ነው» አለኝ።

አንቺ የቦይ ልጅ ነሽና ፍረጂኝ። እዚህ የማይጠብቅ ማን አለ? ጀልባው ሁሉ ተራው ደርሶ የውሃው በር እስኪከፈትለት ነው የሚጠብቀው። «አይዞህ ዳክዬ፣ ዛሬ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከፊትህ ሰባት አሉ» አልኩት። ሰውዬው ፊቱ ጠየመ። ኋላ የልጆቹን የተረፈ ጥብስ ድንች አንድ በአንድ ለቅሞ በላና ሄደ። እኔ ደግሞ ምስኪን፣ ምግብ የማያባክን ጨዋ ሰው ብዬ መረቅኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሃርጂት ስልኳን ሰጠችኝ። አንድ ኮከብ። «አስተናጋጇ ዳክዬ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዘዝኩ። ደጋግማ እየመጣች ዳክዬ፣ ዳክዬ ትለኛለች እንጂ አታመጣም። ከፊቴ ሰባት እንዳሉ ነገረችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ፤ ለሰባቱም አንድ ዳክዬ ሲወጣ አላየሁም።»

ሃርጂት የቢራ በርሜል ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ የፈሰሰኝ የእውነት እንባ ነበር። ያቺ አንድ ኮከብ ከአራት አውርዳናለች፤ የቀረን ደግሞ ጥቂት ቀን ነው። «ፒርስ እውነቱን ነበር። ቤቱን በምላሴ ገደልኩት፤ ከዛሬ ጀምሮ ዳክዬ አልልም፤ ከፈለግሽም ልልቀቅ» አልኳት። ሃርጂት ሳቋን አቆመች። «አንቺ ከለቀቅሽ እነዚህ ሰዎች እኔን ሊያዩ የሚመጡ ይመስልሻል? ነይ፣ እውነቱን እንጻፍለት» አለችና ከሥሩ ይህን ጻፈች፤

«ጌታዬ፣ ዳክዬው እርስዎ ነበሩ። በዚህ አገር የምንወደውን ሰው የምንጠራው እንዲህ ነው፤ ሰልፉም የጀልባ ነበር። ቬራ ስላስራበችዎት ሁለት ሰዓት ሙሉ አልቅሳለች። ተመልሰው ይምጡ፤ አሁን የሚበላውም ዳክዬ ይኖራል።»

ሁለት ሰዓት የሚለው ውሸት ነው፤ አንድ ሰዓት ነው ያለቀስኩት።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት በሩ ተከፍቶ መነጽራሙ ሰውዬ ከነቤተሰቡ ገባ። በጀልባ አራት ቀን የተጓዙትን መንገድ በታክሲ በግማሽ ሰዓት ተመልሰው ነው። ጁሊያን ይባላል። ትሪዬን ታቅፌ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ «ጌታዬ» እንዳልል ቀፈፈኝ፣ ሌላውን እንዳልል ፈራሁ። እሱ ጆሮው ድረስ ቀልቶ «እ... ዳክዬው መጥቷል» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! ሚስቱማ «እኔ ወዲያው ነበር የገባኝ» ስትል አፈጠጠባት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ቢላት «በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር እንዲህ በትዕግሥት ስትጠብቅ አይቼህ አላውቅም፤ ላቋርጥህ አሳዘንከኝ» አለችው። ዊልፍም ከጥጉ ሆኖ «ልጄ፣ እኔ እዚህ ቤት አርባ ዓመት ዳክዬ ተብያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልቀረበልኝም። ዕድለኛ ነህ» አለው።

ሃርጂት ዳክዬዋን በቅመም ዘፍዝፋ በከሰል ጠብሳ አቀረበችለት። አጥንቱን ሳይቀር ጋጠው። እዚያው ቁጭ ብሎ አንዷን ኮከብ አምስት አደረጋትና «ዳክዬ በላሁ፣ ዳክዬም ተባልኩ፤ የትኛው እንደሚጥም አልወሰንኩም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የመጣው እንግዳ ሁሉ ዳክዬ በሉኝ ባይ ሆነ። አስተያየቱ ሁሉ ሙገሳ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ አንዷ «ሽንት ቤቱ በብርድ ያንቀጠቅጣል» ብላ ሦስት ሰጥታናለች፤ እውነቷን ነው። ኦገስት ሲያልቅ ግን አራት አልፈን ነበር። ሰኞ የኩባንያው ደብዳቤ መጣ፤ ቤቱ አይሸጥም፣ ሃርጂት አምስት ዓመት ተፈቀደላት።

አሁን ዋናው ወሬዬ። ሃርጂት ልጆቿ ስሜትዊክ ስለሆኑ በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ መሆን አለባት። እሷ በሌለችበት ቤቱ ባለቤት ያስፈልገዋልና «የመጠጥ ንግድ ፈቃዱ ላይ ስምሽ ከስሜ ጋር ይግባ» አለችኝ። ገባ። እንደምታውቂው የፈቃዱ ባለቤት ስም ከበሩ በላይ መጻፍ አለበት፤ ትናንት ቀለም ቀቢው መሰላሉን ይዞ መጣና በወርቅማ ቀለም ጻፈው፤ «ሃርጂት ሳንሁ እና ቬራ ፐርኪስ»። ባል አግብቼ የአባቴን ስም ያልቀየርኩት ለዚህች ቀን ሳይሆን አይቀርም!

ሮዝ፣ ቆሜ ሳየው አባታችን ትዝ አለኝ። በውርርድ ተሸንፎ ትንንሽ ቀስት የሚወረወርበትን የዳርት ሰሌዳቸውን ቦዩ ውስጥ የወረወረ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ከሽመላው ተባርሮ አልነበር? እስኪሞት ድረስ ደፉን ሳይረግጥ ዝናብ እየደበደበው ቢራውን በመስኮት ሲቀበል አንቺም እኔም አይተናል። አሁን ስሙ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል፤ ማንም ሰው ከሥሩ ሳያልፍ አይገባም።

ለኬነዝ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ማርና ሎሚ ይጠጣ። ለግሬታ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ለትንሹ ኦስካር አክስትህ መጠጥ ቤት አላት በዪው፤ ትምህርት ቤት ግን እንዳያወራው። ድመታችሁንም አልረሳሁም። ዊልፍም ማርጀሪም ሰላም ብለውሻል፤ ማርጀሪ የበግ ጎድኑን ማጣራቷን ገና አልጨረሰችም። ጉልበትሽን ጠብቂልኝ፣ ዳክዬ።

እህትሽ ቬራ

ሄዝልፎርድ፣ ስታፎርድሽር
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019