እምቢ በማለቷ ስለተከሰሰችው የሕሙማን ረዳት

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
በሆስፒታሉ

ቀን፦ ማክሰኞ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሊቀመጥ ሁለት ቀን ሲቀረው

ጉዳዩ፦ በሁለተኛው ፎቅ የሕሙማን ረዳት ላይ የቀረበው የስንብት ሐሳብ እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በስድስት ቁጥር አልጋ የተኛው ሕመምተኛ ታላቅ እህት ነኝ። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ነገሬን በአጭሩ አቀርባለሁ። ስለ ረዳቷ ከቢሮዎ እንደወጣው ደብዳቤ ሦስት ገጽ ሞልቼ እውነቱን አልረሳም።

2. ባለፈው ረቡዕ በምሳ ሰዓት ተረኛዋ ነርስ ከበሩ ሳታልፍ፣ ዓይኗንም ከስልኳ ሳትነቅል፣ «ስድስት ቁጥርን አብዪልኝ» ብላ ረዳቷን አዘዘች። ረዳቷ ሾርባውን ይዛ ቀረበች። ወንድሜን ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፤ አናገረችው። ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ሲንኮሮኮር ሰማችና ሳህኑን አስቀመጠች።

«ሲስተር፣ ምራቃቸው እንኳ ትን እያላቸው ነው። መዋጥ መቻላቸውን መጀመሪያ አንቺ እዪልኝ» አለች።

«ደግሞ አንቺ መቼ ሐኪም ሆንሽ?»

«ሐኪም ስላልሆንኩማ ነው የጠራሁሽ።»

በዚያ ክፍል በዚያን ቀን የተነገረው ለነርስ የሚገባ ቃል ይህ ብቻ ነበር። የተናገረችውም ነርስ ያልሆነችው ናት።

3. ነርሷ ከአልጋው አጠገብ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ የቤት ሰው ነዎት፤ ቀስ እያሉ ያጉርሷቸው» ብላኝ ሄደች። እኔም አጎረስኩት። በሦስተኛው ማንኪያ ትን አለው፤ ፊቱ ጠቆረ። ሮጣ መጥታ በጎኑ ያዞረችው፣ አፉን ያጸዳችው፣ ሐኪም የጠራችው ያችው እምቢተኛ ናት። ወንድሜ ዛሬ ሳንባው ታሞ በኦክስጅን ይተነፍሳል።

4. የቢሮዎን ደብዳቤ ያነበብኩት በፎቁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው፤ የሠራተኛን ገመና መለጠፍም ሥራ ሆኗል። ረዳቷ «የበላይ ትዕዛዝ ባለመቀበሏ፣ ሥልጠና የሌለው ቤተሰብ ሕመምተኛውን ለመመገብ ተገዷል» ይልና እንድትሰናበት ያሳስባል። አርቃቂው አንድ ሰው እንኳ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ሥልጠና የለውም የተባለው ቤተሰብ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ አራቱን በክፍል ኃላፊነት ማገልገሉን ባወቀ ነበር።

ይህን የጻፍኩት ለመመጻደቅ አይደለም። እኛ ስንማር ከ«እሺ» ሌላ መልስ አልተማርንም፤ መምህራችን «ለምን?» ያለችውን ልጅ ቀኑን ሙሉ የአልጋ ብረት ስታስወለውላት ትውል ነበር። እናም ነጭ ጋውን የለበሰች፣ የልጅ ልጄ እኩያ የሆነች ነርስ «ያጉርሷቸው» ስትለኝ እጄ ከአእምሮዬ ቀድሞ ማንኪያውን አነሳ። ያንን የጉሮሮ ድምፅ እኔም ሰምቼው ነበር። ይባስ ብዬ ረዳቷን «ሥራ ጠል!» አልኳት። «እማማ፣ እሳቸው ከሚታነቁ እርስዎ ቢቀየሙኝ ይሻላል» አለችኝ።

5. ሥራን ለሌላ ሰው መስጠት ነውር የለውም፤ አንዲት ነርስ ሠላሳ አልጋ ብቻዋን አትችልም። ነገር ግን የሚሰጥ አለ፣ የማይሰጥም አለ። አንሶላ መቀየር ይሰጣል። በደንብ የሚውጥ ሰው ማብላትም ይሰጣል። ይውጥ እንደሆነና እንዳልሆነ መፍረድ ግን ለረዳት አይሰጥም፤ ለቤተሰብማ ጭራሽ። የምትሰጠዋም አስቀድማ ሕመምተኛውን ትይ፤ ተቀባይዋ ሥራውን ማወቋን ትጠይቅ፤ ምን ስታይ እንደምታቆም፣ ማንን እንደምትጠራ ትንገራት፤ ከዚያም ተመልሳ ትምጣ። ተቀባይዋ «አልችልም» ካለች ደግሞ ተመስገን ነው፤ አደጋው ገና ሳይደርስ ተነግሯታል ማለት ነው። ከበር ላይ ጮኾ መሄድ ሥራ መወርወር ነው። ቢሮዎ በበኩሉ ሥራው ሲወርድ ሲዋረድ የት እንደደረሰ ሳያጣራ ጥፋቱን ከሁሉም በታች ባለችው ላይ አራገፈ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

6. ስለዚህ፦

ሀ. ደብዳቤው ይሻር፤ መሻሩም በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ለ. ነርሷ ትባረር አልልም። ሥራ እንዴት እንደሚሰጥ ትማር። ረቡዕ ዕለት ስንት አልጋ ለብቻዋ እንደተጣለባትም የመደባት ሰው ይጠየቅ፤ ሰውየው ኮሚቴው ውስጥ ካለ ከወንበሩ ይነሳ።

ሐ. ያጎረስኩት እኔ መሆኔ፣ ማንም እንዳላስገደደኝም በቃለ ጉባኤው ይስፈር። ሐሙስ ጠዋት ሳትጠሩኝ መጥቼ ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ።

ረዳቷ ከተሰናበተች በዚያ ፎቅ ከእንግዲህ እምቢ የሚል አይኖርም። ወንድሜም ገና እዚያው ተኝቷል።

ለወንበሩ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የስድስት ቁጥር አልጋ ሕመምተኛ ታላቅ እህት
ጡረተኛ የክፍል ኃላፊ ነርስ