ቆርቆሮው ሲነቀል

ልጄ ሶልያና፣ የጌታ ሰላም ለሥራ እስከሄድሽበት እስከ ባንግላዴሽ ወንዝ ዳር ይድረስሽ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁላችንም ደህና ነን፤ ወንድምሽ ነህምያም መንጃ ፈቃድ አወጣ።

አንደኛ፣ የቤትሽን ፎቶ አብሮኝ ፓርኪንግ ለሚሠራው ለሻፊቅ አሳየሁት። ባንግላዴሽ አገሩ ነው። "ወንዙ እኮ በየክረምቱ ዳሩን ይበላል፤ ሰዉ የቆርቆሮ ቤቱን ነቅሎ ተሸክሞ ወደ ኋላ ይተክላል" አለኝ። ነፋሻ ነው ብዬ እሱን ቤት ያዢ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ውሃ አፍልተሽ ጠጪ።

ሦስተኛ፣ አሁኑኑ ልቀቂ ብልሽ አከራይሽን እማማ ሱፊያን ትቼ አልሄድም ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ግን እሳቸው የጣሪያውን ቆርቆሮ መንቀል ሲጀምሩ "ሪፖርቴን ልጨርስ" እንዳትዪ። አንዱን ጫፍ ያዢላቸውና አብረሽ ሂጂ። ከዚያ ቴክስት አድርጊልኝ።

የምትረግጪውን መሬት ጌታ ያጽናልሽ።

አባትሽ ኃይሉ